እንጀራው ጥሩ ሐሳብ ነበር፣ ብሩ ግን የጋሼ ነው

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ሰሚት አካባቢ ኮንዶሚኒየም ሥር ባለ ሚኒ ማርኬት ውስጥ ሻጭም ካሸርም ሆኜ እሠራለሁ። ሁለት ዓመት ሊሞላኝ ነው። ባለቤቱን ጋሼ ነው የምላቸው። ጠዋት ከፍተው ይሄዳሉ፣ ማታ ሒሳብ ሊረከቡ ይመጣሉ። ከሥራ የሚመለስ ሰው ሁሉ «እንጀራ አለ?» ይለኛል። ለጋሼ ሁለት ጊዜ ነገርኳቸው፤ «እናያለን» ብለው ረሱት። ባለፈው ማክሰኞ እኔው ራሴ ሰፈራችን ከምትጋግር ሴት 50 እንጀራ በ20 ብር አስመጣሁ፣ ብሩን ከመሳቢያው ከፈልኳትና በ25 መሸጥ ጀመርኩ። 31 ተሸጠ፣ 19 ተረፈ። ጋሼ ሲመጡ ደንበኛ ፊት ጮኹብኝ። «ሱቁ ያንቺ ነው እንዴ?» አሉኝ። የተረፈውን 380 ብርም ከደመወዜ ቆረጡ። እሳቸው ግን በዚያው ሰሞን «10 ካርቶን ለገዛ 1 ምርቃት» ተብለው 11 ካርቶን የውጭ ጁስ አስገብተዋል። ኤክስፓየር ለማድረግ አራት ወር ነው የቀረው። በወር ደግሞ ከሁለት ካርቶን በላይ አይሄድም። አብራኝ የምትሠራው ልጅ «አርፈሽ ደመወዝሽን ብዪ» ትለኛለች። ዝም ልበል? ወይስ ለቅቄ የራሴን ልጀምር?
እህታችሁ ነኝ፣ ከሰሚት

መልስ፦ ውድ እህቴ፣

ደብዳቤሽን ሳነብ እርሳስ አነሳሁ። ስለዚህ ከሒሳቡ እንጀምር።

50 እንጀራ በ20፣ 1,000 ብር ወጣ። 31 እንጀራ በ25፣ 775 ብር ገባ። ሱቁ የከሰረው 225 ብር ነው። አንቺ የተቆረጥሽው ግን 380። መሀል ላይ ያለችው 155 ብር ከተሸጠው 31 እንጀራ የተገኘች ትርፍ ናት። ጋሼ ትርፏን ለሱቁ አስቀርተው ኪሳራውን በሙሉ ላንቺ አሸከሙሽ ማለት ነው። ሆን ብለው ያደረጉት አይመስለኝም። የተረፈውን ቆጠሩ፣ በ20 አባዙ፣ በንዴት ቆረጡ።

ሕጉንም እወቂው። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት አሠሪ በዘፈቀደ ከደመወዝ መቁረጥ አይችልም። ወይ ሕግ፣ ወይ የኅብረት ስምምነት፣ ወይ የሥራ ደንብ፣ ወይ የፍርድ ቤት ትእዛዝ፣ አለበለዚያም የሠራተኛው የጽሑፍ ስምምነት ያስፈልጋል። ሲቆረጥም በአንድ ጊዜ ከወር ደመወዙ አንድ ሦስተኛ ማለፍ የለበትም። ለ380 ብር ብለሽ አዋጅ ይዘሽ ጋሼ ፊት ቁሚ እያልኩሽ አይደለም። «ጉድለት» እየተባለ በየወሩ መቆረጥ ከተለመደ ግን ያኔ ሌላ ወሬ ነው። ወረቀት አምጥተው «ፈርሚ» ሲሉሽም አንብበሽ ፈርሚ።

አሁን ደስ የማይልሽን ልንገርሽ። ጋሼ የተቆጡት በእንጀራው አይመስለኝም። «ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ» ይባል የለ? እሳቸው ማታ ሲመጡ ያዩት መሳቢያው 1,000 ብር ወጥቶበት፣ የማያውቋት ሴት አቅራቢ ሆና፣ ያላዘዙት ዕቃ ባንኮኒው ላይ ተደርድሮ ነው። ያንቺ ዓይን ደንበኛውን አየ። የሳቸው ዓይን የተነቀነቀ አጥር አየ። ደንበኛ ፊት መጮሃቸው ስህተት ነው፣ በዚህ ካንቺ ጋር ነኝ። ግን ሱቁ የሳቸው ከሆነና ስታዪው «አይ፣ እውነታቸውን ነው» የምትዪበት ክፍል ካለ፣ እሱ መሳቢያው ነው።

ባንኮኒ ላይ ያለ ሰው ሳይጠይቅ ሊያደርገው የሚችለው ብዙ ነገር አለ። ቀኑ የቀረበውን ወተት ወደ ፊት ማውጣት፣ አቧራ የጠጣውን መደርደሪያ ማስተካከል፣ ሊያልቅ የደረሰውን ዕቃ መመዝገብ፣ ዳቦው ሲያልቅ ለዳቦ ቤቱ መደወል። ለዚህ ፈቃድ ብትጠይቂ እንዲያውም ይሰለቹሻል። አድርገሽ ማታ ብትነግሪያቸው የሚበቃም አለ፤ አንድ ቋሚ ደንበኛ የገዛውን ሳሙና በሌላ ቀይሪልኝ ሲልሽ ዓይነቱ። ብር ከመሳቢያ የሚያስወጣ፣ ዋጋ የሚቀይር፣ ዱቤ የሚሰጥና አዲስ አቅራቢ የሚያመጣ ነገር ግን ሁልጊዜ ከመሆኑ በፊት ይጠየቃል። እነዚህ አራቱ የባለቤት ናቸው። አንቺ በአንድ ማክሰኞ ሁለቱን ነካሻቸው።

በዚያ ላይ የማታዪው ነገር ሊኖር ይችላል። ሱቁ የሒሳብ መዝገብ የሚይዝ ከሆነ ያለ ደረሰኝ የተገዛ ዕቃ ለግብር ሲቀርብ ራስ ምታት ነው። የሰፈር እንጀራ ጋጋሪ ደረሰኝ ከየት ታመጣለች? «እናያለን» ያሉት ለዚህ ይሁን፣ ለስንፍና ይሁን፣ እኔም አንቺም አናውቅም። ጠይቀሽ ግን ማወቅ ትችያለሽ።

እንጀራው ራሱ ጥሩ ሐሳብ ነበር። ከሥራ ማታ የሚገባ፣ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ምጣድ ለመጣድ ጊዜም አቅምም የሌለው ሰው እንጀራ ይገዛል፤ ይሄ ምርምር አይፈልግም። ያልገባኝ ቁጥሩ ነው። 50 ከየት መጣ? 100 ለምን አልሆነም? 15 ለምን አልሆነም? ደብዳቤሽ ውስጥ ፈለግኩት፣ የለም። ሰው «ሁሉ» ይጠይቀኛል ነው ያልሽው። «ሁሉ» የሚባል ቁጥር ደግሞ ሱቅ ውስጥ አይሠራም።

ስለዚህ አንድ ደብተር ግዢ። በሁለት አሥር ብር የማይገኝ ከሆነ የተጻፈበትን ወረቀት ገልብጪና ስፊው። ካሽ ሬጅስተሩ በቀን ምን ያህል እንደተሸጠ ይነግርሻል። ሳይገዛ የወጣውን ሰው ግን አይነግርሽም። እሱን የምታውቂው አንቺ ብቻ ነሽ፤ ጋሼም አያውቁትም፣ አከፋፋዩም አያውቀውም። አንድ ሰው የጠየቀውን «የለም» ባልሽው ቁጥር ጻፊው። ሰዓቱን፣ ዕቃውን፣ ስንት ፈልጎ እንደነበርና ባዶ እጁን ወጣ ወይስ ሌላ ነገር ገዛ የሚለውን። ገጹ እንዲህ ነው የሚመስለው፦

ረቡዕ፣ 12 ከ20፣ እንጀራ፣ 4፣ ባዶ እጁን ወጣ።
12 ከ35፣ እንጀራ፣ 3፣ ዳቦ ገዛች።
12 ከ50፣ የሕፃን ዳይፐር ቁጥር 4፣ አንድ እሽግ፣ ባዶ እጁን ወጣ።
1 ሰዓት፣ እንጀራ፣ 5፣ ቲማቲም ይዞ ነበር፣ መልሶ አስቀምጦ ወጣ።

የመጨረሻዋን መስመር ደግመሽ እያት። ሰውዬው እንጀራ ስላጣ ቲማቲሙንም ትቶት ሄደ። ሁለቱንም ከሚያገኝበት ሱቅ ሊገዛ ነው። እንግዲህ እንጀራ የምታመጣው አምስት አምስት ብር ትርፍ ብቻ አይደለችም። ሽሮውን፣ ዘይቱን፣ ቲማቲሙን አስከትላ ትመጣለች። ጋሼን የምታሳምኚበት ነገር ይሄ ነው፣ «ሰው ሁሉ ይጠይቃል» የሚለው አይደለም። ነጋዴ ናቸው፤ የወጣ ደንበኛ ያማቸዋል።

ደብተሩን ቢያንስ ሁለት ሳምንት ሙዪው። የአንድ ማክሰኞ ሽያጭ ምንም አይናገርም። ደመወዝ የወጣበት ሳምንትና ወሩ ሊያልቅ ሲል ያለው ሳምንት አንድ አይደሉም። መብራት የጠፋ ቀን ምጣድ አይሠራም፣ እንጀራና ዳቦ ይሻማሉ። ዝናብ የጣለ ማታ ሰው ከታክሲ ወርዶ ሌላ ሱቅ አይፈልግም፣ ከደጁ ይገዛል። ስትጽፊ እነዚህንም በአንድ ቃል አስቀምጪ፦ «መብራት የለም»፣ «ዝናብ»።

በነገራችን ላይ የሰፈር ሱቅ ትልቁ መሣሪያ የቀን መቁጠሪያ ነው፤ ለምን እንደሚረሳ አይገባኝም። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው። የነቢያት ጾም ኅዳር 15 ይገባል። ፍልሰታ ከነሐሴ 1 እስከ 15 ነው። ከትንሣኤ በኋላ ካሉት ሃምሳ ቀናት በቀር ከዓመት ዓመት ደግሞ ረቡዕና ዓርብ አለ። በጾም ዋዜማ እንደ አዘቦት ቀን ወተትና እርጎ የሚያስገባ ሱቅ አይቻለሁ። ሳምንት ሳይሞላ ግማሹን ይደፋል። በረመዳን ደግሞ ሙስሊም ጎረቤት በበዛበት ሰፈር ቴምሩ ቀድሞ ካልገባ ደንበኛው መርካቶ ወርዶ አንዴ ይሸምታል። ግቢው ውስጥ ማን እንደሚጾም፣ የቱ ብሎክ ሕፃን እንደበዛበት፣ የኪራይ ቀን መቼ እንደሆነ የምታውቂው አንቺ ነሽ። ለሚቀጥለው ጾም ምን መቀነስ፣ ምን መጨመር እንዳለበት በአንድ ገጽ ጽፈሽ ከሦስት ሳምንት በፊት ብትሰጪያቸው ማንም «ሱቁ ያንቺ ነው እንዴ» አይልሽም።

ወደ እንጀራው ስመለስ፣ ደብተሩ በቀን አማካይ 22 ካለሽ በ15 ጀምሪ። መጀመሪያ ላይ ቢያልቅ ይሻላል። ያለቀበት ሱቅ ደንበኛ ነገ ቀደም ብሎ ይመጣል፤ የሻገተ እንጀራ የገዛ ግን አይመለስም። ከጋጋሪዋ ጋርም ያልተሸጠውን ጠዋት እንድትወስድ ተነጋገሪ፤ ቢያንስ ግማሹን። ለሷ ድርቆሽ ይሆናታል፣ ላንቺ ኪሳራ ነው። ለዚህ ብላ በ20 ፋንታ 21 ብር ብትጠይቅሽ እንኳን ያዋጣል። (ያንን 19 እንጀራ ምን እንዳደረጋችሁት አልነገርሽኝም። ተጥሎ ከሆነ ሁለተኛው ጥፋት እሱ ነው።)

ጁሱ ላይ እንምጣ። እዚህ ላይ አንቺ ትክክል ነሽ። ግን በጋሼ ከመፍረድሽ በፊት ትንሽ ታገሺኝ። ዋጋውን ስላልጻፍሽልኝ የራሴን ልውሰድ፤ አንቺ በትክክለኛው ተኪው። ካርቶኑ 2,400 ብር፣ በውስጡ 20 ጠርሙስ፣ አንዱ በ145 ይሸጣል እንበል። ጋሼ 24,000 ከፍለው 11 ካርቶን፣ 220 ጠርሙስ አስገቡ። በወር ሁለት ካርቶን ከሄደ በአራት ወር ስምንት ነው፣ 160 ጠርሙስ። በ145 ሲባዛ 23,200። ሦስት ካርቶን ተጣለ፣ ከወጣው ብርም 800 ጎደለ። በየወሩ ሁለት ሁለት ካርቶን ቢገዙ ኖሮ በአራቱ ወር 4,000 ብር ያተርፉ ነበር፣ 24,000 ብራቸውም መደርደሪያ ላይ አይተኛም ነበር። ምርቃት የተባለችው ካርቶን እንዲህ ነው የምትበላው። ዕቃ ርካሽ የሚሆነው ሲሄድ ነው።

ግን ለምን ገዙ? ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብር በገበያ ዋጋ እንዲመራ ሲወሰን 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ከ100 አለፈ። ያን ጊዜ በአሮጌ ዋጋ ሸጦ መደርደሪያውን ባዶ ያደረገ ነጋዴ በሸጠበት ብር ያንኑ ዕቃ መልሶ መግዛት አቅቶት ነበር። ከዚያ ወዲህ ብዙ ባለ ሱቅ ጥሬ ብር አያምንም። ብሩን ዕቃ አድርጎ ማስቀመጥ ይመርጣል። ይሄ ሞኝነት አይደለም። ሳሙና፣ ሶፍት፣ ዳይፐር፣ ክብሪት ከሆነ እንዲያውም ብልህነት ነው። ጁስ ግን ጀርባው ላይ ቀን አለው። ሌላም አለ፤ አንዳንድ አከፋፋይ ዘይትና ስኳር ሲጠፋ «ይሄን ከወሰድክ ያንን እሰጥሃለሁ» ይላል። ጋሼ ጁሱን የወሰዱት ሌላ ዕቃ እንዳይቀርባቸው ብለው ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ስትገቢ «ለምን ገዙት?» ብለሽ አትግቢ። የሆነው ሆኗል። የሚጠቅማቸው ከዚህ በኋላ ያለው ነው።

ከዚህ በኋላ ያለው ደግሞ በዚሁ ሒሳብ ውስጥ አለ። ምርቃቷ ስትካፈል አንዱ ጠርሙስ ለጋሼ የቆመባቸው 109 ብር ገደማ ነው። ስለዚህ አሁኑኑ ወደ 120 ቢወርድ እንኳን አይከስሩም። 220ው በሙሉ በ120 ከተሸጠ 26,400 ይገባል፤ 2,400 ትርፍ። ቁም ነገሩ «አሁኑኑ» የምትለዋ ናት። የኛ ሱቆች ቅናሽ የሚያስቡት ሊጣል አንድ ሳምንት ሲቀረው ነው። ያኔ ደግሞ ደንበኛው ቀኑን ያይና ይፈራል፣ በነፃ ቢሰጠውም ይጠራጠራል። አራት ወር እያለው ባንኮኒው አጠገብ ተደርድሮ፣ ዋጋው በትልቁ ተጽፎ ሲታይ ግን ቅናሽ ነው። ሁለት ካርቶን ለሙከራ በ120 ይሞከር። በሁለት ሳምንት ካለቀ የቀረውም ይቀጥላል። ካላለቀ አከፋፋዩን ጊዜ እያለ «በሌላ ቀይርልኝ» ማለት ይቻላል።

እንዴት ትነግሪያቸዋለሽ? ማታ ሒሳብ ሳይረከቡ በፊት አይሆንም፤ ጭንቅላታቸው መሳቢያው ውስጥ ነው። ቅዳሜ ማታም አይሆንም። ሒሳቡ ሞልቶ ደህና የተሸጠበትን ቀን ምረጪ፣ ያቺ ልጅም ደንበኛም በሌለበት። መጀመሪያ የማክሰኞውን ዝጊ፦ «ጋሼ፣ ሳልነግርዎት ከመሳቢያ ብር ማውጣቴ ጥፋት ነው፤ አይደገምም።» አትቀጥዪ፣ «ግን» አትበዪ። እሳቸው አንድ ነገር ይበሉ። ከዚያ ደብተሩን ዘርግተሽ አሳያቸው። «በሁለት ሳምንት ይህን ያህል ሰው እንጀራ ጠይቆኝ ወጥቷል። 15 ብንሞክርስ? ያልተሸጠውን ሴትዮዋ ግማሹን ትወስዳለች። ቀኑን እርስዎ ይምረጡ።» ብዙ አትናገሪ። ደብተሩን ለሊቱን ይዘውት ይሂዱ።

እዚህ ላይ ያቺ «ደመወዝሽን ብዪ» ያለችሽን ልጅ ላስታውስሽ። ሰነፍ አትበያት። ሐሳቡ ሲሳካ የሱቁ፣ ሲከሽፍ የሠራተኛዋ ከሆነ ዝም ማለት አዋጭ ነው። ሒሳብ የምታውቅ ልጅ ናት። ጋሼም ይህን ሊሰሙት ይገባል፣ ግን በጨዋ ቋንቋ። ሙከራው ከመጀመሩ በፊት «ጋሼ፣ ቢከስር ኪሳራው እስከ 150 ብር ድረስ የሱቁ ይሁን፤ ከዚያ ካለፈ እናቆማለን» በያቸው። እሺ ካሉ ጻፊውና ደብተሩ ላይ ይፈርሙ ወይም በቴሌግራም ይላኩልሽ። እሺ ካላሉ አትሞክሪ። በሰው ሱቅ ውስጥ በራስሽ ደመወዝ መነገድ ተነሳሽነት አይባልም።

ሐሳቡ ሠርቶ ጋሼ ለጎረቤት ባለ ሱቅ «እኔ ነኝ እንጀራ ያስጀመርኩት» ሲሉ ብትሰሚም ዝም በዪ። ለነሱ ወሬ ነው። አንቺ ግን ቀኑና ቁጥሩ ደብተርሽ ላይ አለ። ከሦስት ወር በኋላ የደመወዝ ጭማሪ ስትጠይቂ፣ ወይም ባስጀመርሻቸው ዕቃዎች ትርፍ ላይ ትንሽ ድርሻ ስትጠይቂ፣ የምታወጪው ያንን ነው። ስትጠይቂ ደግሞ ቁርጥ ያለ ቁጥር ጥሪ። «የሚያዩትን ያህል» ያለ ሰው ምንም አያይም።

የራስሽን ስለመጀመር፣ አሁን አይደለም እላለሁ። ድፍረት አንሶሽ አይደለም። አዲስ አበባ ውስጥ ሱቅ ስትከራዪ የብዙ ወር ቅድሚያ ትጠየቂያለሽ። ከዚያ ፍሪጅ፣ መደርደሪያ፣ ንግድ ፈቃድ፣ የመጀመሪያ ዕቃ። ይህን ሁሉ ከፍለሽ ሱቁን ስትከፍቺ ለሁለተኛ ዙር ዕቃ መግዣ ብር ከሌለሽ በወሩ መደርደሪያው ይራቆታል። መንግሥት ችርቻሮውን በ2016 ለውጭ ባለሀብት ክፍት አድርጓል፣ የእሁድ ገበያውም አትክልቱን ከሰፈር ሱቅ ወስዶታል። ገበያው ለጀማሪ እንደ ድሮው አይደለም። አንድ ነገር ግን ዛሬ ማድረግ ትችያለሽ። የጋሼን ሱቅ የቀን ሽያጭ ታውቂያለሽ። ቀኑ 15,000 ብር ቢሸጥና አማካይ ትርፉ ከመቶ 12 ቢሆን 1,800 ነው፤ በወር 54,000። ከዚያ ላይ ኪራይ፣ የሁለታችሁን ደመወዝ፣ መብራት፣ ግብር፣ የተጣለ ዕቃ፣ ያልተከፈለ ዱቤ ቀንሺ። የሚተርፈውን ስታዪ ወይ የራስሽን የመክፈት ሐሳብ ይበርዳል፣ ወይ ጋሼ ለምን ለ380 ብር እንደሚናደዱ ይገባሻል።

ሦስት ጊዜ በቁጥር የቀረበ ሐሳብ አምጥተሽ ሦስቱንም ሳያዩ ከመለሱሽ፣ ወይም ኪሳራውን አሁንም ደመወዝሽ ላይ ከጫኑ፣ ሌላ ሱቅ ፈልጊ። ትልቅ ሱፐርማርኬት ቢሆን ደግሞ ይመረጣል፤ እዚያ የዕቃ ቆጠራና የግዢ ክፍል አለ፣ ብዙ ትማሪያለሽ። ለቃለ መጠይቅ ስትሄጂ እንጀራውንም ጁሱንም ከነቁጥራቸው ንገሪያቸው። ደብተሩን ግን ለጋሼ ትተሽ ውጪ፤ የደንበኞቻቸው ሚስጥር ነው።